ወዛል የሚባለውን ቢጫ አበባ ደሴ ላይ ያበቀለ ሰው አለ? ሦስት ጊዜ ከሸፈብኝ

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ ቁጥቋጦ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እህቴ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ አምና ተመለሰች። ይዛ የመጣችው ብዙ ነገር የለም። አንድ ሻንጣ ልብስ፣ ለእማዬ ብርድ ልብስ፣ እና በመሀረብ የተቋጠረ ዘር። ዘሩን የለቀመችው አሠሪዎቿ በሙቀቱ ወራት ከሚወጡበት ተራራ፣ መንገድ ዳር ነው። እዚያ ወዛል ይሉታል። ቅጠል የለውም ማለት ይቻላል፤ ዘንጉ ራሱ አረንጓዴ ነው፣ እንደ ሰንበሌጥ ቀጥ ቀጥ ብሎ ከሥሩ ይወጣና ከሰው ቁመት ያልፋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ተራራው በሙሉ ቢጫ ይሆናል ትላለች። ሽታው በመኪናው መስኮት ይገባ ነበር አለችኝ። እሷ ባየችው ቁጥር አደይ አበባ ትዝ ይላት ነበር፣ መስከረምን ሰባት ጊዜ እዚያ ነው ያሳለፈችው። ለዚህ ነው ይህ ነገር እንዲበቅል የምፈልገው።

ቤታችን ጦሳ ተራራ ግርጌ ዳገቱ ላይ ነው። ጓሮው ወደ ቦረቦሩ ያዘቀዝቃል። አፈሩ ቀይና ድንጋያማ ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተሸረሸረ ይሄዳል። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ስለሆነ በየቀኑ አጠጡኝ የሚል አትክልት አይታሰብም። ወዛል ድርቅ ይችላል ስለተባልኩ ያንን ጠርዝ ይይዝልኛል ብዬ ነበር።

የመጀመሪያውን አምና መጋቢት በጣሳ ውስጥ ፍግና አፈር ደባልቄ ዘራሁ። ሁለት ወር ጠበቅኩ፣ አንድም ብቅ አላለም። ሁለተኛውን ሐምሌ ላይ ደገምኩ፣ አራት በቀለ፣ ሁሉም ከአፈሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ጠቁረው ወደቁ። ሦስተኛው ነው ያሳዘነኝ። ነሐሴ ላይ የዘራሁት ሁለት ችግኝ ሆኖ ጣት ያህል አድጎ ነበር፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከጣሳው ነቅዬ ጓሮ ተከልኩት፣ በሳምንቱ ደረቀ። እህቴ ምንም አላለችኝም፣ ሄዳ ስታየው ግን አየኋት።

አሁን የቀረኝ 30 ፍሬ ገደማ ነው። ከመዝራቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። የደሴን ውርጭ ይችላል? ፍግ ያስፈልገዋል? ጎረቤታችን ደግሞ መርዝ ነው አሉ፣ እውነት ነው? ቤት ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅ አለ።

የቦርከና አትክልተኛ፦

ሰላም ልጄ። በዝርዝር መጻፍሽ ጥሩ ነው፣ የቱ ጋ እንደሳትሽ ከጽሑፍሽ ይታያል። እኔ ኮምቦልቻ ችግኝ ሳፈላ 20 ዓመት አልፎኛል። ወዛልን ራሱን ያፈላሁት አንዴ ነው፣ ዘመዶቹን ግን በብዛት። ትሪ ሉሰርንን ታውቂው ይሆናል፣ ለከብት መኖ ብለው ደጋው ላይ የሚያስተክሉት ነጭ አበባ ያለው ዛፍ። እሱ ከካናሪ ደሴቶች የመጣ የወዛል የቅርብ ዘመድ ነው። ግብጦም ከዚያው ወገን ነው። ስለዚህ ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ዘሩ። የወዛል ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። ውሃ አያስገባም። የመጀመሪያው ያልበቀለልሽ ለዚህ ነው፣ ዘሩ ሞቶ አይደለም፣ ውሃ ሳይደርሰው ቀርቶ ነው። በአገሩ ቅርፊቱን የሚያሳሳው ጊዜና የአፈሩ መፋተግ ነው። አንቺ እንዲህ አድርጊ። ውሃ አፍልተሽ ከእሳት አውርጂው፣ እንፋሎቱ ትንሽ ይብረድ፣ ዘሩ ላይ ገልብጪበትና እስከ ጠዋት ተዪው። እሳት ላይ እንዳለ ዘሩን እንዳትጨምሪ፣ ይቀቀላል። ጠዋት ስታዪው አንዳንዱ አብጦ እጥፍ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያበጠውን በዚያው ቀን ዝሪ፣ አይደር። ያላበጠውን አንድ በአንድ አናጢ እንጨት በሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት አንድ ጎኑን ብቻ ፈተግ ፈተግ አድርጊና እንደገና ዘፍዝፊው። 30 ፍሬ ብቻ ስለሆነ በእጅ መሥራቱ አይከብድም። ሁሉንም ግን በአንድ ቀን አትጨርሺ፣ ግማሹን አስቀምጪ።

ሁለተኛው ጥፋት ፍጉ ነው። ይህ ተክል እንደ ባቄላና አተር ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው ሥሩ ላይ ባሉ አንጓዎች ነው። ድሃ አፈር ይወዳል። ፍግ ስታበዢለት ሥሩ ሥራውን ይተዋል፣ እርጥበቱም ይበዛና ችግኙ ከአንገቱ ይበሰብሳል፣ ሐምሌ ላይ ያየሽው መጥቆር ያ ነው። ግማሽ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ የራስሽን ቀይ አፈር ደባልቂ፣ በቃ። ሰፈራችሁ ትሪ ሉሰርን ካለ ከሥሩ አንድ እፍኝ አፈር ወስደሽ ጨምሪበት። አንጓውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች እዚያ ስለሚኖሩ ሊረዳው ይችላል።

ሦስተኛው ነቅሎ መትከሉ ነው። ወዛል ገና በጨቅላነቱ አንድ ረጅም ሥር ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይሰዳል። ድርቅ የሚችለው በዚያ ሥርና ቅጠል አልባ በሆነው ዘንጉ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ የሚተንበት ቅጠል የለውም፣ ምግቡን የሚሠራው አረንጓዴው ዘንግ ነው። ያቺን ሥር ከበጠስሻት አለቀ። ስለዚህ ጣሳውን ተዪው። ጠባብና ረጅም የችግኝ ፕላስቲክ ፈልጊ፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር የማያንስ። በአንዱ ውስጥ አንድ ዘር፣ የጥፍር ያህል ጥልቀት። ስትተክዪ ፕላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቀሽ አፈሩ ሳይፈርስ እንዳለ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጪው።

ጊዜውም ተሳስቷል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የተተከለ ችግኝ በጋው ፊቱ ነው፣ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያልቃል። አሁን የካቲት ላይ ብትዘሪ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ስንዝር ይሆናል። መሬቱ ጠግቦ ሲርስ ትከዪ። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጪው፣ ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ሳይሆን አንዴ በደንብ አርጥበሽ፣ ሥሩ ወደ ታች እንዲፈልግ። ከዚያ በኋላ ተዪው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያብባል። አበባው እንዳለቀ አረንጓዴውን ጫፍ ጫፉን ቁረጪ፣ ወደ ቡናማው አሮጌ ግንድ ግን አትግቢ፣ ከዚያ መልሶ ማቆጥቆጥ ይቸግረዋል።

ውርጩን አትፍሪ፣ ያደገ ተክል እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል ይባላል፣ የደሴ ኅዳርና ታኅሣሥ እዚያ አይደርስም። ጨቅላውን ብቻ ማታ ማታ ሣር ጣል አድርጊበት። ፀሐይ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ክረምት ውሃ ይዞ ይተኛል፣ የኔዎቹ አምስቱም በአንድ ነሐሴ ሄዱ። ያንቺ ዳገት ለዚህ ይሻላል።

መርዝ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ ነው። በዘሩም በአበባውም ሳይቲሲን የሚባል ነገር አለ። ግብጦን ጎጃም ያለ ሰው ለቀናት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ምሬቱን ሳያወጣ አይበላውም አይደል፣ ይህ ከዚያ ይብሳል፣ ዘፍዝፎ የሚበላም የለውም። ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት ስለሆነ ልጅ ይሳሳታል። የሦስት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ፍሬው ሳይጎመራ መቆረጥ አለበት።

የባቲ መንገድ፦

እኔ አትክልተኛ አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ስመላለስ ብዙ ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ አፋር ላይ ያመጡት ሰዎችም ክፉ አላሰቡም። ጥላ ይሆናል፣ አፈር ይይዛል፣ ድርቅ ይችላል ብለው ነው። አሁን ሄዳችሁ እዩት። ከብቶቹ ፍሬውን ይበሉና ዘሩን በእበታቸው ይዘሩታል፣ ግጦሹን ዘግቶታል፣ እሾሁ ጎማ ይበሳል፣ አርብቶ አደሩ መንጋውን የሚያሳልፍበት አጥቷል። ድርቅ ይችላል የሚባል ከውጭ የመጣ ተክል ስሰማ እኔ እፈራለሁ። እህቴ ቅር እንዳይልሽ።

ዕፅዋት ወዳድ፦

የሹፌሩ ወንድማችን ፍርሃት ትክክል ነው፣ ልጨምርበት።

ወዛል በሳይንሳዊ ስሙ ስፓርቲየም ጁንሴየም ነው። አገሩ የሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ነው፣ ሊባኖስም ጣሊያንም ስፔንም። በአገሩ የሚበሉት ነፍሳት አሉ፣ የሚፎካከረው ተክል አለ፣ ልኩን ያውቃል። ካሊፎርኒያ ለጌጥና ለመንገድ ዳር ብለው ወስደውት ዛሬ ወራሪ ተክል ብለው ይነቅሉታል። ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ደቡብ አሜሪካ ነው። ኢኳዶርና ፔሩ የአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ልክ እንደ እኛ ደጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ቦታ፣ ያለ ማንም እርዳታ ተራብቶ ገደሉንና የመንገዱን ዳር ይዟል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ዝናቡ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ፣ ፀሐዩ ጠንካራ፣ አፈሩ የተጎዳ። ይህ ቦታ ለወዛል ክፉ ሳይሆን በጣም የሚመቸው ነው ማለት ነው።

ፍሬው ሲደርቅ ይጠቁርና በፀሐይ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ዘሩን ወዲያ ወዲህ ይረጨዋል። አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ያ ጠንካራ ቅርፊት ለአንቺ ችግር እንደሆነ ሁሉ ለዘሩ ጋሻው ነው፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። አሁን ያንን ቦረቦር ጠርዝ ላይ አስቢው። በሐምሌ ጎርፍ ዘሩ ቁልቁል ወርዶ ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የአንቺ ጓሮ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ቅንጨ አረምን የምናውቅ ሰዎች ነን፣ አንድ ጊዜ ከሄደ ማን ይመልሰዋል?

በነገራችን ላይ ዘር ከውጭ ሲገባ ፈቃድና የጤና ማረጋገጫ ይጠየቃል። እህትሽን ለመውቀስ አይደለም፣ በናፍቆት የተቋጠረ ዘር መሆኑ ገብቶኛል። ለሌላው አንባቢ ነው።

ለጠርዙ እኔ የምልሽ ድግጣን ነው። አዎ፣ ድግጣ! ሐረጎን ስትወርጂ በየማሳው ድንበር የምታዪው። እሱም የባቄላና የአተር ቤተሰብ ነው። አበባው ደማቅ ቢጫ ነው፣ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቅጠሉ ደግሞ ለምለም ነው፣ እንደ ወዛል ባዶ ዘንግ አይደለም። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሜትር ይደርሳል። ድርቅ ይችላል፣ ድንጋያማ ቦታ ይችላል፣ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል። አገሩ ከእኛ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ እዚያ ሰው ከችግኝ ቤት በገንዘብ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ይተክለዋል። እኛ ዘንድ ግን የከብት ቅማል መድኃኒት ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህ ነገር ያናድደኛል። አገር ያፈራውን አበባ ጫካ እንለዋለን፣ ከውጭ የመጣውን ጌጥ እንለዋለን።

ድግጣም ቢሆን የሚበላ አይደለም፣ ቅጠሉና ዘሩ መርዝ አለው፣ ለቅማል የሚሠራውም ለዚያ ነው። ልጁን ከሁለቱም ጠብቂ።

የጦሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሦስቱንም ጥፋቴን አንድ በአንድ አገኙልኝ፣ ለእህቴ አነበብኩላት። ቅጠል የሌለው ውሃ እንዳይተንበት ነው ያሉትን ስትሰማ፣ ለካ ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ ምንም ሳይዘንብ አረንጓዴ የሚሆነው አለች።

ቦረቦሩን ያሰብኩበት መንገድ ልክ እንዳልሆነ አምኛለሁ። ቦርከና መግባቱ አልታየኝም ነበር።

ድግጣውን ለእማዬ ነገርኳት። የዶሮ ቅማል የምናራግፍበትን ቅጠል ግቢ ውስጥ ማን ተክሎ ያውቃል አለችኝ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ለበግ ግልገሎች ቅጠሉን ቀጥቅጬ ቀብቻለሁ፣ አበባውን ግን ቆሜ ያየሁት አይመስለኝም። ግን ደግሞ የእህቴን ዘር ጣዪው ማለት አልችልም። ምን ላድርግ?

ንብ አርቢ ከኩታበር፦

ስለ አበባው ከንብ አንጻር ልናገር። ወዛል የአበባ ወለላ የለውም፣ ንብ ከእሱ የምትወስደው ጽጌ ብናኝ ብቻ ነው። ያም ጥቅም አለው፣ ማር ግን ከእሱ አትጠብቁ። ድግጣ ላይ ንቦቼ ሲርመሰመሱ በዓይኔ ስለማይ እኔ ለድግጣ አደላለሁ።

ጠርዙን በተመለከተ አንድ ቁጥቋጦ ብቻውን ቦረቦር አያቆምም፣ ወዛልም ይሁን ድግጣ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ቦታ በድንጋይ ክትር ደረጃ ደረጃ ሠራንበት። ከዚያ ከክትሩ ጀርባ አፈር ሲጠራቀም ቬቲቨር ሣር በመስመር ተከልን፣ ከላይ በኩል ደግሞ ክትክታና ድግጣ። ሦስት ክረምት አልፎታል፣ ጠርዙ አልሄደም። ሣሩ ሳይኖር የተተከለው ቁጥቋጦ ግን ሥሩ እየተራቆተ ወደቀ።

ክትክታ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ደክሞት የተቀመጠበት ዛፍ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ክትክታ ነው የተባለው። በዕብራይስጡ ግን ሮተም ነው፣ ነጭ የሚያብብ የወዛል ዘመድ። ተርጓሚዎቹ በረሃ የሚችል ቁጥቋጦ ሲፈልጉ የመጣላቸው የእኛው ክትክታ ይመስለኛል። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ክትክታን ለማገዶ መቁረጥ ይከብደኛል።

የቦርከና አትክልተኛ፦

ልጄ፣ የእህትሽን ዘር አትጣዪ። ሁለቱንም በየቦታቸው አድርጊ።

ወዛሉን በዕቃ ያዢው። ከሁለት በላይ አይሁን። ትልቅ ጀሪካን ወይም ግማሽ በርሜል ቁረጪ፣ ሥሩን በሚስማር ብዙ ቦታ ብሺ፣ ከታች አራት ጣት ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋና ቀይ አፈር። ከደጃፉ ፊት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጪው፣ ከቦረቦሩ በተቃራኒ። በዕቃ ውስጥ ሲሆን ሥሩ እንደልቡ ስለማይወርድ በጋ ላይ ውሃ ከመሬቱ ይልቅ ይፈልጋል፣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃዋል። ቁመቱም ያጥራል፣ ለግቢ ጥሩ ነው። አበባው ሲረግፍ ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ በሙሉ ትቀነጥቢዋለሽ። ሳይጠቁር! ከጠቆረ በኋላ ሲነኩት ይፈነዳል። የቀነጠብሽውን ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሪ፣ አቃጥዪው። ይህ ሥራ ለልጁም ለቦርከናም ይበጃል። አንድ ዓመት እንኳ ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ ግን ተክሉን መንቀል ይሻላል፣ ይህን ለእህትሽ ከአሁኑ ንገሪያት።

ድግጣውን ለጠርዙ። ዘሩ እንደ ወዛሉ ሙቅ ውሃ ይወዳል፣ ያው አሠራር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ብስባሽ ቢኖረው አይጠላም። ኩታበር ያለው ወንድማችን እንዳለው ክትሩና ሣሩ ይቅደሙ።

የጦሳ ልጅ፦

ለእህቴ ነገርኳት። ሁለት ብቻ ይበቃኛል፣ እኔ ሽታውን ነው የምፈልገው አለች። ፍሬውን የምቀነጥበው እኔ ነኝ ብላ ቃል ገባች።

ትናንት ማታ 12 ፍሬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተትን። ዛሬ ጠዋት አምስቱ አብጠዋል! ጋሼ እንዳሉት እጥፍ ሆነዋል። ሰባቱን እህቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እየፈተገቻቸው ነው። አምስቱን በረጅም ፕላስቲክ ዘርተናል፣ ትሪ ሉሰርን ካለበት ጎረቤት አንድ እፍኝ አፈር ለምኜ ጨምሬበታለሁ። ሐምሌ ላይ የደረሱበትን እዚሁ እጽፋለሁ።

ለክትሩ ድንጋይ ወንድሞቼ ቅዳሜ ይጀምራሉ። የድግጣ ዘር ግን ከየት ላምጣ? ሰፈራችን የነበረውን ለአጥር ጨርሰውታል።

የባቲ መንገድ፦

ዓርብ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ሐረጎ ላይ መኪና የማቆምበት ቦታ አጠገብ ድግጣ አለ፣ የደረቀው ፍሬ አሁንም እላዩ ላይ ነው፣ ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ። ለቅሜ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ መነኻሪያ ድረስ ሰው ላኪ። በፌስታል ልያዘው?

የቦርከና አትክልተኛ፦

በወረቀት ያዘው። ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ነቀዝ የበሳውን ዘር ደግሞ እዚያው ለይተህ ጣለው፣ ድግጣ ላይ ብዙ ነው።